ሐረጎ ላይ ነዳጅ አልቀበል ያለው ኮሮላ፦ ትሮትሉን ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። «ኮምቦልቻ እየሠራሁ ደሴ ነው የምኖረው። መኪናዬ የ2010 ሞዴል ኮሮላ ነው፤ ቤንዚን፣ አውቶማቲክ። ማታ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ድንገት ነዳጅ አልቀበል ይላል። ብረግጠውም ዝም። የቼክ ኢንጅን መብራት ይበራል፣ እየተንፏቀቀ ዳር ይይዛል። አጥፍቼ ሳስነሳው ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። መካኒኩ የባትሪውን ተርሚናል ነቅሎ መብራቱን አጠፋውና ‹ትሮትሉ ተጣብቋል፣ ሙሉውን መቀየር ነው› አለኝ። ልግዛ?»

አይግዙ። ገና ነው።

ከጻፉት ሁሉ ትልቁ ፍንጭ «አጥፍቼ ሳስነሳው ይሄዳል» ያሉት ነው። ትሮትል ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል ነው፤ ጥላሸት ያጣበቀው ትሮትል ቁልፍ ስላጠፉለት ብቻ አይላቀቅም። ቁልፍ ሲጠፋ የሚስተካከል ነገር፣ ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ራሱ አውቆ የዘጋው ነው።

የእርስዎ መኪና ከፔዳል እስከ ሞተር የሚዘልቅ ካቮ የለውም። ፔዳሉ ላይ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ ምን ያህል እንደረገጡ ለኮምፒዩተሩ ይናገራሉ። ኮምፒዩተሩ ትሮትሉ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያዝዛል፤ እሷ አየር የሚያሳልፈውን ክብ ክዳን ታዞራለች። ክዳኑ ምን ያህል እንደተከፈተ ደግሞ ሌሎች ሁለት ሴንሰሮች መልሰው ይናገራሉ። ሁለት ሁለት የሆኑት አንዱ የሌላው ምስክር እንዲሆን ነው። ቃላቸው ካልተስማማ ኮምፒዩተሩ ሁለቱንም አያምንም። ያልተስማሙት የፔዳሉ ከሆኑ ፔዳሉ እንዳልተረገጠ ሊቆጥር ይችላል፤ የትሮትሉ ከሆኑ ለትንሿ ሞተር የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። ስፕሪንጉ ክዳኑን መልሶ 6 ወይም 7 ዲግሪ ያህል ክፍት አድርጎ ያቆመዋል። ከዚያ ወዲያ የሚቀርልዎት ዳር ለመያዝ የምትበቃ ጉልበት ብቻ ናት። ይህ ሁኔታ ደግሞ ቁልፉ እስኪጠፋ ድረስ አይለቅም። የእርስዎ ታሪክ ከዚህ ጋር ልክክ ይላል።

ለምን ሐረጎ ላይ? ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ያን ሁሉ ይወጣሉ። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ሞተሩ ያንኑ ጉልበት ለማግኘት ክዳኑን የበለጠ መክፈት አለበት፣ እርስዎም ጠለቅ አድርገው ይረግጣሉ። ከጭነት መኪና ኋላ ቀስ እያሉ ሲወጡ ደግሞ ኮፈኑ ስር ያለው ሁሉ ይግላል። ላላ ያለች ሶኬት ወይም የደከመ ሴንሰር ጉዱ የሚወጣው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ጠዋት ደሴ ላይ በብርዱ ጋራዥ ቢወስዱት ምንም ላይገኝ ይችላል። ከዳገቱ እንደወጡ፣ ሞተሩ እንደጋለ ያስፈትሹት።

አሁን ስለ ተርሚናሉ ልናገር፤ ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ኮዱ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ የመዘገበው የብልሽት ቁጥር፣ ሳይነበብ ባትሪ መንቀል ምስክሩን ከፍርድ ቤት ማባረር ነው። ኮምፒዩተሩ ኮዱን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ብልሽቱ በተመዘገበባት ቅጽበት መኪናው በስንት ፍጥነት ይሄድ እንደነበር፣ የሞተሩን ዙርና ሙቀት አብሮ ያስቀምጣል። ተርሚናሉ ሲነቀል ያ ሁሉ ይጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ መብራቱ ሲበራ ማንም ባትሪውን እንዳይነካ። መጀመሪያ ስካነር፣ ማለትም ኮዱን የሚያነበው መሣሪያ።

ስካነሩ ፒ2138 ካለ የፔዳሉ ሁለት ሴንሰሮች አልተስማሙም፤ ትሮትል ቢቀይሩ ገንዘብዎን ነው የሚያቃጥሉት። ፒ2135 ካለ ያልተስማሙት የትሮትሉ ሴንሰሮች ናቸው። ፒ2118 ወደ ትንሿ ሞተር የሚሄደውን ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ፊውዙንና ሽቦውን እንድናይ ይነግረናል። ፒ2111 ክዳኑ ተከፍቶ፣ ፒ2112 ተዘግቶ ቀረ ማለት ነው፤ «ተጣብቋል» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው እነዚህ ሁለቱ ሲመጡ ነው። እነሱም ቢሆኑ ትሮትሉን ወዲያው አያስጥሉም፤ ጽዳት የሚበቃው አለ።

ኮዱ ከተነበበ በኋላ ስካነሩን ሳይነቅሉ ቁጥሮቹን ይዩ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ይከፈት። ፔዳሉ ሳይረገጥ አንደኛው የፔዳል ሴንሰር ከ0.5 እስከ 1.1 ቮልት፣ ሁለተኛው ከ1.2 እስከ 2.0 ቮልት መሆን አለባቸው። ቀስ ብለው እስከ ወለሉ ይርገጡ። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው፣ ሳይዘሉ፣ ልዩነታቸውን እንደጠበቁ መውጣት አለባቸው። አንዱ ዘለል ካለ ወይም ከቀረ ሌባውን ያዙት ማለት ነው። ከዚያ አንድ ሰው ቁጥሩን እያየ ሌላው የፔዳሉንና የትሮትሉን ሶኬትና ሽቦ በእጁ ያነቃንቅ። ሲነቃነቅ ቁጥሩ ከተወዛወዘ ችግሩ ሽቦው ወይም ሶኬቱ ነው።

ሶኬቱን ነቅለው ውስጡን በባትሪ መብራት ይዩት። አረንጓዴ ዝገት አለ? እርጥበት? ወደ ኋላ የሸሸች ፒን? አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ በቅርቡ ላቫጆ ሞተሩን በግፊት ውሃ አሳጥበዋል? ካሳጠቡ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። የሞተር ክፍል እንዲህ መታጠቡን ጨርሶ አልወደውም።

ክዳኑን ለማየት የአየር ማጣሪያውን ጎማ ቱቦ ይፍቱ። ቁልፉ ተነቅሎ በጣትዎ ቀስ አድርገው ይግፉት። ለስለስ ብሎ መሄድና ሲለቁት ወደነበረበት መመለስ አለበት። የሚይዝዎት ቦታ ካለ ጠርዙን ይመልከቱ፤ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የያዘ ጥቁር ጥላሸት ያያሉ። ቁልፍ ክፍት ሆኖ ግን ጣት አይግባ፤ ሞተሯ ትንሽ ብትሆንም ጣት ትቆርጣለች። ለጽዳት የትሮትል ማጽጃ ስፕሬይ ጨርቅ ላይ ነፍተው ይጥረጉ። በካቻቢቴ መፋቅ የለም። ፈሳሹን ዘንጉ ላይ አያፍስሱ፤ ወደ ሴንሰሮቹ ይገባል። ከጽዳት በኋላ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ቢል አይደንግጡ። ኮምፒዩተሩ የለመደው ቆሻሻውን ነው። አሁን ኮዱ ተጽፏልና ባትሪውን ከአንድ ደቂቃ በላይ መንቀል ይቻላል። መልሰው ሲያስነሱት ፔዳል ሳይነኩ፣ ኤሲና መብራት ጠፍቶ፣ እስኪሞቅ ይተዉት።

ይህን ሁሉ አድርገው ትሮትሉ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ያኔ ይግዙ። ያገለገለ ከሆነ አሮጌው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከሚገዙት ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። «ይገጥማል» አይበቃም። ቡለኑ ገጥሞ ሴንሰሩ የማይግባባ አለ።

እኔ ከሩቅ ሆኜ ስገምት፣ ከእርስዎ መኪና ትሮትል ይልቅ የፔዳሉን ሴንሰር ወይም አንዱን ሶኬት እጠረጥራለሁ። ግን ግምት ነው፤ ኮዱ ይበልጠኛል።

የእግር ምንጣፉንም ይዩ። ቶዮታ በፈረንጆቹ 2009 እና 2010 በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና የጠራው ፔዳል በሚይዝ ምንጣፍና ተመልሶ በማይነሳ ፔዳል ምክንያት ነበር። ወፍራም ላስቲክ ምንጣፍ በሌላ ምንጣፍ ላይ ደርበው ከሆነ ዛሬውኑ አንዱን ያውጡ።

እስከዚያው ግን ቤተሰብ ጭነው ሐረጎን በማታ አይውጡ። ከተገደዱም ከፊትዎ ካለው መኪና ራቅ ይበሉ፣ ነዳጅ አልቀበል እንዳለ ሐዛርድ አብርተው ዳር ይያዙ። በተቃራኒው፣ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ለቀውም ሞተሩ ቢጮህ፣ ማርሹን ወደ ኤን ይውሰዱና ፍሬኑን አንዴ አጥብቀው ይርገጡ። ፍሬኑን ደጋግመው አይርገጡት፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሲቀር ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው መሳብ) ስለሌለ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይደነድንብዎታል። ሞተሩ ይጩህ፣ ይተዉት። ቁልፉን የሚያጠፉት መኪናው ከቆመ በኋላ ነው፤ እየሄደ ካጠፉት መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉን ከነቀሉት ደግሞ ይቆለፋል።