«ተጠለፈ»፣ «ታፈነ» ወይስ «ተሳሳተ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል፣ ሐይፋ ነው። በጦርነቱ ሰሞን ስልካችን ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ያለን እያስመሰለ ያሳየን ነበር። በቅርቡ «በአካባቢው የሚበሩ አውሮፕላኖች ጂፒኤስ ተጠለፈ» የሚል የአማርኛ ዜና ለእናቴ ሳነብላት፣ «ማን ጠለፈው? ሰዎቹስ?» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ቃሉ ትክክል ነው? ካልሆነስ ምን እንበል?

መልስ፦ እናትዎ መደንገጣቸው ልክ ነው፤ ጥፋቱ የዜናው ነው።

«ጠለፈ» ብዙ ሥራ ያለው ግስ ነው። እግር ይጠልፋል፣ ልጃገረድ ይጠልፋል፣ በመርፌና በክር ሲሆን ቀሚስ ያስጌጣል። ከአውሮፕላን ጋር ሲመጣ ግን የሚሰጠው ትርጉም አንድ ብቻ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ላይ ሲከሰከስ 125 ሰዎች ሞተዋል። ያን ዜና በሬዲዮ የሰማ ሰው «አውሮፕላን» እና «ተጠለፈ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገቡ መካከል ላይ ያለውን «ጂፒኤስ» አይሰማውም።

ጸሐፊው ቃሉን ያመጣው ከስልክ ጠለፋ እንደሆነ እገምታለሁ። ስልክ ሲጠለፍ ግን የሌላ ሰው ጆሮ መስመሩ ውስጥ ይገባል። ጂፒኤስ ደግሞ ያለንበትን ቦታ ከሳተላይቶች በሚመጣ የሬዲዮ ምልክት የሚያሰላ የአሰሳ መሣሪያ ነው፤ እዚህ አውሮፕላኑንም ሳተላይቱንም የነካ የለም። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ስለሚገኙ ምልክታቸው እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው። በዚያው ሞገድ ከምድር የሚጮኽ ማሰራጫ በቀላሉ ይውጠዋል። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁለት መልክ ስላለው ሁለት ግስ ያስፈልገናል።

አንደኛው፣ ጫጫታ ብቻ ለቆ ምልክቱ እንዳይሰማ ማድረግ ነው። ለዚህ ቃል አናጣም። በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት በጫጫታ ሲሸፈን «ሬዲዮው ታፈነ» እንል ነበር። «አፈነ» ጥሩ ቃል ነው፤ ጭስ እንደሚያፍን ማለት ነው። ነገር ግን ሰውም «ታፍኖ ተወሰደ» ይባላልና «አውሮፕላኑ ታፈነ» ብንል እናትዎ እንደገና መነሣታቸው ነው። የሚታፈነው ምልክቱ መሆኑ በግልጽ ይነገር። እኔ ግን «አወከ»ን እመርጣለሁ። የ«ሁከት» ዘመድ ነው፤ ግዕዙም «ሆከ» ይላል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከሄልሲንኪ ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ የበረሩ ሁለት የፊንኤር አውሮፕላኖች ምልክቱ ታውኮባቸው ሳያርፉ ተመልሰዋል። ታርቱ ላይ ለማረፍ የሚያገለግለው ዘዴ በጂፒኤስ ላይ የተመሠረተ ስለነበር አየር መንገዱ በረራውን ለአንድ ወር ያህል አቁሟል። ይህን «ጂፒኤሱ ተበላሸ» ብሎ የሚጽፍም አላጣሁም፤ መሣሪያው ግን ደኅና ነው፤ የሚሰማው ምልክት አጥቶ ነው።

ሁለተኛው የባሰው ነው፤ የእርስዎ ስልክ የገጠመውም ይኸው ነው። ጫጫታ የለም፤ ትክክለኛውን የሚመስል ሐሰተኛ ምልክት ይላካል፤ መሣሪያውም አምኖ ይቀበላል። ሐይፋ ተቀምጠው ቤይሩት ነዎት ይልዎታል። አውሮፕላን ላይ ሲሆን ሰዓቱ ሊዛባ፣ የመሬት መቃረብ ማስጠንቀቂያውም ተራራ በሌለበት ሊጮኽ ይችላል። አብራሪዎች «ስፑፊንግ» ይሉታል። «ማጭበርበር» የሚሉም አሉ፤ ለእኔ የገበያና የገንዘብ ሽታ አለው። «ማታለል» አያስከፋም። የተሻለው ግን በእጃችን ያለው «ሳተ» ነው። መንገድ ሳተ፣ ዒላማ ሳተ፣ ራሱን ሳተ እንላለን። ከግዕዙ «ስሕተ» የመጣ ነው፤ «ስሕተት» የሚለው ስም መካከለኛዋን ሐ እስከ ዛሬ ይዟታል። ከዚህ «አሳሳተ» እና «አሳሳች ምልክት» ይወጣሉ። ገና ከሥሩ ስለ መንገድ የሚናገር ቃል እያለን ለአሰሳ መሣሪያ ሌላ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገንም።

እንግዲህ ዜናው «ሐሰተኛ ምልክት የአውሮፕላኖችን ጂፒኤስ አሳሳተ» ቢል ኖሮ እናትዎ ቡናቸውን በጠጡ ነበር። እዚህ ላይ ተሳቢውን ልብ ይበሉ፤ «ጂፒኤስን አሳሳተ» እንጂ «አውሮፕላኖችን አሳሳተ» አላልኩም። አውሮፕላን ያለ ሳተላይት አካሄዱን የሚያሰላበት ሌላ መሣሪያ አለው፤ የምድር ሬዲዮ ጣቢያዎችም አሉ፤ ስለዚህ መሣሪያው ተሳስቶ አብራሪው ላይሳሳት ይችላል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ኢራቅ ሰማይ ላይ ሌላውም መሣሪያ አብሮ ተሳስቶባቸው አቅጣጫቸውን ከምድር ተቆጣጣሪ ለመጠየቅ የተገደዱ አብራሪዎች ነበሩ። ለዚያኛው ዜና «አውሮፕላኖቹ መንገድ ሊስቱ ነበር» ቢባል አልቃወምም።