ጀልባውን ከመግዛትሽ በፊት ሰሌዳውን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዐሥራ ስድስት ሴት ተማሪዎች ለጀልባ ቀዘፋ ተመዝግበዋል፣ አንዳቸውም መቅዘፊያ ይዘው አያውቁም፣ በወቅቱ መጨረሻ ለውድድር እንዲደርሱ ከምን ልጀምር ብለሻል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ ነበርኩ፤ የልጆቹ ቁጥር እንኳ እኩል ነው። ያኔ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም። ዋጋ የከፈልኩበትን ልንገርሽ።

1. መዋኘት የማትችል ልጅ ጀልባ ላይ አትውጣ። ይህን ታውቂዋለሽ። የማይነገረው ስለ ጫማው ነው። የቀዛፊዋ እግር ጀልባው ላይ በተሠራ ጫማ ውስጥ ይገባል፤ ጀልባው ሲገለበጥ እግሯን አውጥታ መውጣት አለባት። ስለዚህ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሆን ብላችሁ ገልብጡት፤ መፍቻውን ገመድ በአንድ እጅ ስቦ መውጣትን እስኪሰለቻቸው ድረስ ይለማመዱ። ተረከዙን ወደ ታች የምትይዘውን አጭር ገመድ በየቀኑ በእጅሽ እየጎተትሽ ፈትሺ፤ እርሷ ከተበጠሰች ጫማው ከእግሯ ጋር ይነሣና አይወልቅም። ጀልባው ቢገለበጥም ስለሚንሳፈፍ ማንም ከእርሱ አትለይ። እኔን የምታስፈራኝ ጎበዝ ዋናተኛዋ ናት፤ «እስከ ዳር እደርሳለሁ» ብላ ጀልባውን ትታ የምትሄደው እርሷ ናትና።

2. በመጀመሪያ ሁለት ሳምንት በቀዘፋ ማሽን ላይ አለማምጂያቸው። ከጎኑ ያለችውን፣ ጉተታውን ከ1 እስከ 10 የምታከብደውን ማንሻ ሁሉም 10 ላይ ያደርጓታል፤ የከበደ ቁጥር የሚያጠነክር ይመስላቸዋል። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ወገብ ሊጎዳ ይችላል። ሲስቡ እግር፣ ከዚያ ጀርባ፣ በመጨረሻ ክንድ፤ ሲመለሱ ደግሞ ክንድ፣ ጀርባ፣ እግር። በደቂቃ ከ18 እስከ 20 ቀዘፋ፣ ከዚያ አያልፉ። የሚጣደፉ ልጆች ይህን ቅደም ተከተል ጨርሶ አይማሩትም።

3. ጀልባ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

እኔ የዓመቱን በጀት በሙሉ አውጥቼ ያገለገለ የስምንት ሰው የውድድር ጀልባ ገዛሁ። 17 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ የሚያብረቀርቅ፣ ልጆቹ ሲያዩት ያጨበጨቡለት። በአንድ ጀልባ ስምንቱን አሰለጥናለሁ፣ ሌሎቹ ስምንት ተራ ይጠብቃሉ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ሻጩ ስለ ፍጥነቱ ብዙ ነገረኝ፤ ለማን እንደተሠራ ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ጀልባውን ውሃ ላይ ለማውረድ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ያን ቢሮ አራት ጊዜ ተመላለስኩበት። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ወረቀቴን ሳያነብ መለሰልኝና «ሴት ተማሪዎች ናቸው? መረብ ኳስ ለምን አያስለምዷቸውም? ይህ ስፖርት ለሴት ይከብዳል» አለኝ። ያን ቀን አንደበቴ ተሳሰረ። ዛሬ ቢሆን የምመልስለት አለኝ፦ ሴቶች በኦሊምፒክ ቀዘፋ መወዳደር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ነው፤ ያኔ ርቀታቸው 1000 ሜትር ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ግን ልክ እንደ ወንዶቹ 2000 ሜትር ይቀዝፋሉ። አንቺ ማመልከቻሽን በሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ፤ አንደኛው ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስደርጊበት። የእኔ ወረቀት «ጠፍቷል» ተብሎ ሰባት ሳምንት ባከነብኝ።

በመጨረሻ ውሃ ላይ ስንወጣ ጀልባው እንደ ዕብድ ፈረስ ሆነ። በትንሽ ነፋስ ይንገዳገዳል፣ አንዷ ራሷን ስታዞር ስምንቱም ያዘነብላሉ። የመቅዘፊያው እጀታ አንገታቸው ሥር ደርሶ ነው ጫፉ ውሃ የሚነካው። መቅዘፊያው ውሃ ውስጥ እየተቀረቀረ እጀታው ደረታቸውን ይመታቸዋል። እኔም ዳር ቆሜ «እጃችሁን ዝቅ! ሚዛን ጠብቁ!» እያልኩ እጮህ ነበር። ጥፋቱ የእነርሱ መስሎኝ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ከዐሥራ ስድስቱ ሰባቱ ጥለው ሄዱ። አንዷ ስትሰናበተኝ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» አለችኝ፤ ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል።

አንድ ጀልባ ጠጋኝ የተሰነጠቀ ቦታ ሊያይልኝ መጣ። ገና ጎንበስ እንዳለ ውስጡ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ አነበበና «ይህ እኮ በአማካይ 90 ኪሎ ለሚመዝኑ ሰዎች የተሠራ ነው» አለኝ። ከልጆቼ ከ60 ኪሎ የምታልፈው አንዲት ብቻ ነበረች። ጀልባው ጭነቱን ስላላገኘ ውሃው ላይ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ መቅዘፊያው የሚያርፍበት ብረትም አብሮት ከፍ ይላል፤ ነፋስም ያገኘዋል። ልጆቹ ምንም አላጠፉም ነበር።

ሰሌዳዋ ላይ የተሠራበት ዓመት፣ የጀልባው ክብደትና የቀዛፊዎቹ አማካይ ክብደት ይጻፋል። መጀመሪያ እርሷን አንብቢ። የልጆችሽን ክብደት ለማወቅ ግን በሰልፍ ሚዛን ላይ አታውጫቸው፤ ለብቻ ለብቻ ጠይቀሽ አማካዩን ብቻ ያዢ። ልጅ ለጀልባው እንድትከሳ የሚያዝዝ አሠልጣኝ አይቻለሁ፣ ተጣልቼዋለሁም። በዕድገት ላይ ያለች ልጅ በደንብ ትብላ፤ ጀልባውን መለወጥ ይቻላል።

እኔም በኪሳራ ለወጥኩት። ሰፋ ያለ፣ እያንዳንዷ ልጅ ሁለት መቅዘፊያ የምትይዝበት፣ ሳትቀዝፍ አቅጣጫ የምታስይዝና የምታዝ መሪ ያለችበት የአራት ቀዛፊ የመለማመጃ ጀልባ ወሰድኩ። ለጀማሪ ይህ ይሻላል፤ በሁለቱም ጎን ስለሚቀዝፉ ሰውነታቸው ወደ አንድ ጎን አይጠመዘዝም፣ ሚዛኑም ቶሎ ይገባቸዋል። መጀመሪያ ሁለቱ ብቻ ይቅዘፉ፣ ሁለቱ የመቅዘፊያቸውን ጫፍ ውሃው ላይ አስተኝተው ጀልባውን ይያዙ። ዐሥራ ስድስቱንም በተራ የምታወጪው እንዲህ ነው። መሪዋን ስትመርጪ ትንሿን ልጅ ሳይሆን ድምፅዋ የሚሰማውንና የማትደነግጠውን ምረጪ። ልብስ የሚቀይሩበት የሚዘጋ ክፍልም ከመጀመሪያው ቀን ይኑር፤ በዚህ ምክንያት ብቻ የቀረችብኝ ልጅ አለች።

ጥለው የሄዱትን ሰባቱን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አምስቱ ተመለሱ። «አልተፈጠርኩም» ያለችኝ ልጅ በወቅቱ መጨረሻ በ1000 ሜትር ውድድር ሌሎቹ ቀዛፊዎች እያዩ በሚከተሏት ቦታ ተቀምጣ ምቱን የምትሰጠው እርሷ ነበረች። ከስድስት ጀልባ አራተኛ ወጡ። እኔ ዳር ላይ ሆኜ አለቀስኩ።

ለመግዛት ያሰብሽው ጀልባ ካለ፣ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት የሰሌዳውን ፎቶግራፍ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።