ቀለህ መልሶ መሙላት ለሚማሩ

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ነው ያለው። እዚያ ሕጉ ስለሚፈቅድ፣ ተኩሶ የጣለውን ቀለህ (የጥይቱን ባዶ የነሐስ ቀፎ) ለቅሞ ባሩድና አረር መልሶ መሙላት እየተማረ ነው። “ጋሼ፣ ቀለሁን ከምን ልጀምር?” ብሎ በቴሌግራም ጻፈልኝ። ቶርኖ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ እዚያ አገር ሳለሁም ሞክሬዋለሁ። መልስ ልጽፍ ስል ግን ሐሳቤ መንዝ ገባ።

አያቴ የውጅግራ ቀለህ በስልቻ ያስቀምጡ ነበር። ውጅግራ የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ጥቁር ባሩድ ስለሚጎርስ ቀለሁ በቶሎ ካልታጠበ ይበላል። እሳቸው በሎሚ ያጥቡታል። ሎሚው ከቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል ነው የሚመጣው፤ እኛ ደጋ ምን ሎሚ አለና! እናንተ ሲትሪክ አሲድ በፓኬት ትገዛላችሁ፣ ያው የሎሚው አሲድ ነው። ከዚያ እሳት ዳር ቁጭ ብለው ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰዱና ግድግዳውን ይዳብሳሉ። አንዱን ወደ ስልቻው፣ አንዱን ወደ ጥግ። ምን እንደሚፈልጉ ጠይቄ አላውቅም፤ የሽማግሌ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር የመሰለኝ። ለትምህርት አዲስ አበባ ቆይቼ ስመለስ እሳቸው የሉም። ቀለሁም ለአንጥረኛ ተሽጦ ቃጭልና መስቀል ሆኗል። አንጥረኛውስ እጁ ወርቅ ነበር፣ የእናቴ የአንገት መስቀል የእሱ ሥራ ነው። አለመጠየቄ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከስንት ዓመት በኋላ አሜሪካ አንድ አሠልጣኝ ያንኑ የታጠፈ ሽቦ ከኪሱ አወጣ። ቀለህ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፣ ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ግድግዳው ይሳሳል። ሽቦው እዚያ ጋ ቦይ ነገር ካገኘ፣ ወይም በውጭ በኩል ዙሪያውን የነጣ ቀለበት ከታየ፣ ያ ቀለህ ሲተኮስ ለሁለት ሊበጠስና ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልስ ይችላል። ለካ ወደ ጥግ የሚጣለው እሱ ኖሯል።

የዛሬ ልጆች ቪዲዮ ታዩና መጀመሪያ የምትገዙት ማበሪያ ማሽን ነው። ነሐስ እንደ መስተዋት ቢያበራ ምን ይፈይዳል? እኔም አበራ ነበር፣ አልዋሽም፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ብቻ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አታስጠጉት። የቀለህ ነሐስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው፤ አሞኒያ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ከሽንት አሞኒያ በሚወጣበት በፈረስ ጋጣ አካባቢ ያከማቸው ጥይት በዝናብ ወራት እየተሰነጠቀ ያስቸገረው በዚሁ ነው።

ጓንትና መነጽር እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ፣ አልነግራችሁም። እዚህ ሰሜን ሸዋ ያላችሁ ግን ለማወቅ ያህል ብቻ አንብቡት። የጦር መሣሪያ አዋጁ 1177/2012 አለ፣ እቤት የሚሞከር ነገር አይደለም።

ለእህቴ ልጅ የጻፍኩለት ይሄን ነው፤ መጀመሪያ ሽቦውን አጥፈህ ሥራ። ከዚያ ካሊፐር (ርዝመት መለኪያውን) ያዝ። የአንተ ጠመንጃ የሚጎርሰው የ.308 ጥይት ቀለህ ርዝመቱ ከ51.18 ሚሊሜትር ካለፈ ከርክመው፣ አለዚያ አፉ አረሩን ቆንጥጦ ይይዝና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ስለ ማሽኑ ዋጋ የጠየቅከኝን እሑድ ስትደውል እናወራለን።