እስክሪብቶ የፈሰሰበት የቆዳ ቦርሳ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመለሺ አባይ በረሃ ላይ እስክሪብቶው ቡናማ የቆዳ ቦርሳሽ ላይ ፈሰሰ፣ በእርጥብ ሶፍት ስታሺው ባሰበት፣ ጎረቤትሽ ደግሞ በረኪና ሞክሪ አለችሽ። በረኪናውን እባክሽ እንዳትነኪው! ቆዳውን አንጥቶ ያደርቀዋል፣ ቆይቶም ይሰነጥቀዋል። ያንን ደግሞ ማንም ባለሙያ አይመልሰውም።

የእስክሪብቶ ቀለም ወፍራም፣ ቅባትነት ያለው ነገር ነው። ሙቀት ሲያገኘው ይቀጥናል። በውሃ የማይለቀውም ቅባትነት ስላለው ነው፤ ሶፍቱ ቀለሙን ወዲያና ወዲህ ገፋው እንጂ አላነሳውም።

የሚፈታው አልኮል ነው። ችግሩ ግን አልኮል የቦርሳውንም ቀለም ይፈታል፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቆዳው ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ከቦርሳው ሥር፣ ሰው በማያየው ቦታ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊ። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ላዩ ቅብ አለው፣ ደህና ነው። ወዲያው ጠጥቶት ከጠቆረ ቅብ የለውም፣ ቀለሙም ወደ ውስጥ ዘልቋል ማለት ነው፤ አልኮል አታስነኪው፣ ለባለሙያ ስጪው። ሻሞ (ላዩ እንደ ከፋይ የሚለሰልሰው ቆዳ) ከሆነም እንደዚያው።

ቅብ ካለው በቀላሉ ጀምሪ። በአንድ ሲኒ ለብ ያለ ውሃ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ምቺና አረፋውን ብቻ በነጭ ጨርቅ እየነካሽ ሞክሪው። ነጭ ያልኩሽ የሚለቀው ምን እንደሆነ እንድታዪ ነው። የልብስ ሳሙና ግን ለቆዳ ይከብዳል፣ ተዪው። ካልለቀቀ ከፋርማሲ 70 ፐርሰንት አልኮል ግዢ። መስኮት ክፈቺ፣ ለቡና ከሰል የተያያዘበት ክፍል ውስጥ ደግሞ በፍጹም እንዳትሠሪ፣ እሳት ይይዛል። ጥጡን ነክረሽ ጥሩ አድርገሽ ጭመቂውና መጀመሪያ የማንገቻውን የውስጥ ገጽ ንኪበት፣ እስኪደርቅም ጠብቂ። ቡናማ ቀለም ከወጣ እዚያው ላይ አቁሚ። ካልወጣ እድፉን ከዳር ወደ መሃል ጠቅ ጠቅ አድርጊው። ማሸት የለም። በየጊዜው ጥጡን ቀይሪ፣ አለበለዚያ ያነሳሽውን ቀለም መልሰሽ ትቀቢዋለሽ። ጥጡ ላይ ሰማያዊ እስካየሽ ቀጥዪ፣ ቡናማ ያየሽ ቀን እድፉ ባይጠፋም በቃ በይ።

አሴቶን ይሻላል የሚሉሽን አትስሚ። ሥራ ስጀምር የአንዲት እናት ቦርሳ ላይ ተጠቅሜው ቅቡ ተላጠ፤ እስካሁን ያሳዝነኛል።

አንድ ሰው ደግሞ ስለ መዝሙረ ዳዊት ማኅደር፣ ማለትም የብራና መጽሐፉ ስለሚያዝበት የቆዳ ከረጢት፣ ጠይቆኝ ነበር። ማኅደር ቅብ የሌለው ቆዳ ስለሆነ ይህን ሁሉ አታድርጉበት። ብራናው ላይ የሚጻፍበት ጥቁር ቀለምም ከጥላሸት የሚሠራ ነው፣ አልኮልም አይፈታው።

ስትጨርሺ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ ጥላ ላይ አድርቂው፤ ፀሐይ ቆዳውን ያኮማትረዋል። ከዚያ ቀለም የሌለው የቆዳ ቅባት በስሱ ቀቢው። ቅቤ ግን አይሆንም። ድሮ ቁርበት ሲለፋ ቅቤ ይቀባ ነበር፣ የፋብሪካ ቆዳ ላይ ግን ያጠቁረዋል፣ ይሸታልም። ትንሽ የእድፍ ምልክት ከቀረ መልኩን የሚመስል ቡናማ የጫማ ክሬም ይሸፍነዋል።

ዛሬ የውሃውን ጠብታ ብቻ ሞክሪና ፎቶ ላኪልኝ፤ አልኮሉን ከመግዛትሽ በፊት አይቼ እነግርሻለሁ።