ቤት ቀየርኩ፤ መንጃ ፈቃዴስ?

ሰሞኑን ከጎንደር ከተማ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ሰው ሰፈር ቀይሯል፣ መንጃ ፈቃዱ ግን የድሮውን ሰፈር እንደያዘ ነው። የሚመሳሰሉትን አዋህደን እነሆ መልሳችን።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ወደ ማራኪ ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መንጃ ፈቃዴ አሁንም የአዘዞውን አድራሻ ይዟል። ትራፊክ ቢያስቆመኝ ችግር አለው? አሁኑኑ ማስቀየር አለብኝ?
(የቤት መኪና አሽከርካሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ አይጨነቁ፤ ግን አይተኙበትም። በአንድ ክልል የተሰጠ መንጃ ፈቃድ በመላ አገሪቱ ይሠራል። ከአዘዞ ማራኪ ይቅርና ከጎንደር ጅማ ቢገቡም፣ ጊዜው እስኪያበቃ ድረስ ፈቃዱ ፈቃድ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆምዎት በዋናነት የሚያየው ፎቶውን፣ የሚያበቃበትን ቀንና ምድቡ ከያዙት ተሽከርካሪ ጋር መግጠሙን ነው።

አድራሻው የሚፈለገው ነገር ሲበላሽ ነው። ግጭት ደርሶ ጉዳዩ ወደ ክስ ቢሄድ እርስዎን የሚፈልጉት በተመዘገበው አድራሻና ስልክ ነው። መጥሪያው አዘዞ ደርሶ «ለቋል» ተብሎ ቢመለስ ነገሩ እርስዎ ሳይሰሙ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ መቸኮል ያለብዎት ካርዱ ላይ ለታተመው ጽሑፍ ሳይሆን ቢሮው ውስጥ ላለው ፋይል ነው። የእድሳቱ ጊዜ ጥቂት ወራት ከቀሩት አድራሻውን ከእድሳቱ ጋር ያስቀይሩ፤ ሁለት ጊዜ ከመሰለፍ ይድናሉ። ገና ሩቅ ከሆነ አጭር ማመልከቻ ጽፈው፣ የአዲሱን መታወቂያ ኮፒ አያይዘው፣ አዲሱ አድራሻና ስልክ ቁጥር ፋይሉ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ሳይዙ ከመስኮቱ አይውጡ።

ብዙ ሰው የሚመላለሰው ቅደም ተከተሉን ስለሚያዛባ ነው። የመንጃ ፈቃድ ክፍል በቃልዎ አምኖ አድራሻ አይቀይርም፤ የአዲሱን ቀበሌ መታወቂያ ማየት ይፈልጋል። ያ መታወቂያ ደግሞ ያለ መሸኛ አይገኝም። እንግዲህ መነሻው የድሮው ቀበሌ ነው ማለት ነው። እዚያ ሲሄዱ ወደ የትኛው ክፍለ ከተማና ቀበሌ እንደሚዛወሩ በስም ያስጽፉ፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል መሸኛ አዲሱ ቀበሌ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ባለቤትዎና ልጆችዎ አብረው ከተዛወሩ ስማቸው እዚያው ደብዳቤ ላይ ይዘርዘር። በቀበሌው ላይ ያለብዎት ያልተከፈለ ነገር ካለ፣ በተለይ የቀበሌ ቤት ኪራይ፣ መሸኛው ያለ እሱ አይፈረምምና አስቀድመው ይክፈሉት። ነባሩን መታወቂያ ከመመለስዎ በፊት ደግሞ በሁለት ገጹ ኮፒ ያስቀሩ። አዲሱ እስኪወጣ ድረስ በእጅዎ የሚኖረው ማስረጃ ያ ኮፒና መሸኛው ብቻ ናቸው።

ተከራይ ከሆኑ ነገሩ የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ቀበሌ እዚያ ቤት ውስጥ መኖርዎን የሚመሰክር ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው አከራይዎ ነው። አንዳንዱ አከራይ ደግሞ «የኪራይ ግብር ያመጣብኛል» ብሎ ቀበሌ መቅረብን ይሸሻል። ይህን ጉዳይ ዕቃ ካስገቡ በኋላ ማንሳት ዋጋ የለውም። ቁልፍ ሳይቀበሉ ይነጋገሩበት፤ ለመታወቂያ ቀርቦ እንደሚያረጋግጥልዎ ውሉ ውስጥ አንድ መስመር ያስገቡ። የቤት ቁጥሩንም በሩ ላይ ካለው ቆርቆሮ ሳይሆን ከአከራዩ የይዞታ ማረጋገጫ ላይ ይገልብጡ፤ ቆርቆሮው የድሮውን ቁጥር ይዞ የቀረ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ ከቤቴ አልተነቃነቅሁም፤ የተቀየረው ቀበሌው ነው። መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው የድሮው የቀበሌ ቁጥር ነው። እንደ ለቀቀ ሰው መሸኛ ላምጣ?
(ከአራዳ)

መልስ፦ አያስፈልግም። ከቀበሌዎ «የቀድሞው ቀበሌ አሁን እንዲህ ተብሏል» የሚል አጭር ደብዳቤና አዲሱ መታወቂያ ይበቃል፤ በእድሳት ጊዜ አያይዘው ያስገቡት። ጎንደሬ ሰፈሩን በአሮጌው የቀበሌ ቁጥር መጥራቱን አልተወም፣ አይተውም ይሆናል። ቅጽ ሲሞሉ ግን መታወቂያው ላይ ያለውን እንዳለ ይጻፉ። አሮጌውንም አዲሱንም አንድ ላይ መጻፍ ጸሐፊውን ያደናግራል፤ የተደናገረ ጸሐፊ ደግሞ «ነገ ይምጡ» ይላል።

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት አዲስ አበባ ነው። በሥራ ዝውውር ጎንደር ከገባሁ ስድስት ወር ሆነኝ፤ የጎንደር መታወቂያም ይዣለሁ። ፈቃዴ ሊያበቃ ሁለት ወር ቀርቶታል። እዚሁ ማሳደስ እችላለሁ?
(የጭነት መኪና አሽከርካሪ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ካርዱ ከእርስዎ ጋር ጎንደር ገብቷል፤ ፋይልዎ ግን አዲስ አበባ ነው። የፈተና ውጤትዎ፣ የትምህርትና የጤና ማስረጃዎ፣ ቀደም ያሉ እድሳቶችዎ ያሉት እዚያ ነው። የጎንደሩ ቢሮ ካርዱን ብቻ አይቶ አያድስም። ምክንያቱም ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ አለ፤ ካርዱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ የሚችለው የሰጠው አካል ነው። ስለዚህ የሚጠይቁት «የአድራሻ ለውጥ» ሳይሆን «የፋይል ዝውውር» ነው። መስኮቱ ላይ በትክክለኛው ስሙ ይጥሩት፤ አለዚያ ወደ ሌላ ሰልፍ ይመሩዎታል።

ዝውውሩን የሚጀምረው ፋይሉን የያዘው አካል ነው፤ በእርስዎ ጉዳይ የአዲስ አበባ ከተማ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን። ፈቃዱን ያወጡበትን ወይም መጨረሻ ያሳደሱበትን ቅርንጫፍ ያስታውሱ፤ ደረሰኙ ላይ አለ። ይዘው የሚቀርቡት ዋናውን መንጃ ፈቃድ፣ የጎንደሩን መታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥርዎንና ፋይሉ ወዴት እንደሚላክ በግልጽ የሚናገር ማመልከቻ ነው። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለብዎት አስቀድመው ይክፈሉ። ፈቃድዎ በክስ ወረቀት ተይዞ ከሆነም መጀመሪያ ያስለቅቁት፤ ዋናው በሌለበት ዝውውር አይጀመርም። ፋይሉ በእጅዎ ከተሰጠዎት በታሸገ ፖስታ ይሆናል። ፖስታውን እንዳይከፍቱት፣ «ምን እንዳለበት ልይ» ብለውም እንኳ። ማኅተሙ የተነካ ፖስታ የሚቀበል ቢሮ የለም፤ እንደገና አዲስ አበባ ነው።

አሁን ወደ ሁለት ወሩ እንምጣ። ይህ ጊዜ ጠባብ ነው። ፋይል ሲጓዝ፣ ተቀባዩ ቢሮ ሲያጣራ፣ መልስ ሲጻጻፍ ቀኑ ያልፋል። የእኛ ምክር፦ አዲስ አበባ መድረስ የሚችሉ ከሆነ እዚያው ያሳድሱ፣ በዚያው ጉዞ ዝውውሩን ያመልክቱ። ሁለቱን በዚህ ቅደም ተከተል ካደረጉ ፋይሉ ቢዘገይ እንኳ በእጅዎ የጸና ፈቃድ ይኖራል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ቀላል አይደለም፤ የጭነት ሥራ የሚወስድዎት ከሆነ ግን ጉዞውን ከዚያ ጋር ያገጣጥሙት።

መሄድ ካልቻሉ ውክልና ይስጡ። ጠቅላላ ውክልና ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሰነዱ ላይ «የመንጃ ፈቃድ ፋይሌን ወደ ጎንደር እንዲያዛውርልኝ፣ እንዲፈርምልኝ፣ እንዲረከብልኝ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩም ውክልናው ላይ ይግባ። ተወካይ ዝውውር ሊጠይቅልዎ ይችላል፤ ፎቶ መነሳትና የጤና ምርመራ ግን በአካል ነው፣ በሌላ ሰው ዓይን ዓይን አይመረመርም።

ቀኑ ካለፈብዎ መኪናውን ያቁሙ። ይህን የምንለው ቅጣቱን ብቻ አስበን አይደለም። የኢንሹራንስ ውሎች አሽከርካሪው የጸና መንጃ ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳሉ፤ ጊዜው ባለፈ ፈቃድ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው ካሳውን ሊከለክል ወይም የከፈለውን ከእናንተ ሊጠይቅ ይችላል። በጭነት መኪና ይህ የባለ ንብረቱንም ኪስ ይነካል። ካርዱ ላይ ያለው ቀን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ አስቀድመው ይለዩ። አዲሱን ካርድ ሲረከቡም ከመስኮቱ ሳይርቁ ምድቡን ያንብቡ፤ በዝውውር ወቅት ምድብ ተሳስቶ ሊታተም ይችላል፤ ያኔውኑ ካልተባለ ስህተቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምሠራው። አድራሻ ላስቀይር ሄጄ «ስምህና የትውልድ ቀንህ ከፋይዳህ ጋር አይገጥምም» ተብዬ ተመለስኩ። አድራሻዬን እንጂ ስሜን መች ነካሁ?
(ከሳሙና በር)

መልስ፦ አንተ አልነካህም፤ አድራሻ ለመቀየር ሲባል ፋይሉ ሲከፈት ግን ያለው ሁሉ ይመሳከራል። ልዩነቱ ከሦስት አንዱ ነው።

ሣ እና ሳ፣ ጸ እና ፀ፣ ኃ እና ሀ መለዋወጥ ቀላሉ ነው፤ በፊደል ምክንያት ብቻ ከተመለስክ ኃላፊውን በትህትና አነጋግር። በላቲን ፊደል የተጻፈው ስም ሲለያይ ግን ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው ነው የሚያየው። አንዱ ጋ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ጋ በሁለት የተጻፈ ስም ለእኛ ያው ነው፣ ለማሽኑ አይደለም።

ሦስተኛው የትውልድ ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ያለው ጣጣ ከአቆጣጠር ይመጣል። ኅዳር 15 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ቀን 1992 ነው የተወለደው። ግን ቅጽ ላይ 15/3/1985 የሚለውን ዓመቱን ብቻ ለውጦ 15/3/1992 ብሎ የሚሞላ አለ፤ 8 ዓመት ደምሮ 1993 የሚያደርገውም አለ። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8። ቀኑና ወሩም አብረው ይቀየራሉ። ራስህ አትደምር፤ መቀየሪያ ተጠቀምና ውጤቱን ጽፈህ ያዝ።

የሚታረመው የተሳሳተው ሰነድ ነው፣ የቀረበህ ሰነድ አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀትህንና የትምህርት ማስረጃህን አውጥተህ ሁለቱን አስተያይ፤ ፋይዳው ከነሱ ከተለየ ማስረጃውን ይዘህ ፋይዳ መመዝገቢያ ጣቢያ ሂድ። ባለ 12 አኃዙ ቁጥርህ አይቀየርም፤ የሚስተካከለው መረጃው ነው። እግረ መንገድህን አድራሻህንና ስልክህንም አስተካክል፣ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በተመዘገበው ስልክ ነውና። የጠፋ ሲም ካርድ ላይ ኮድ መጠበቅ ቀን መግደል ነው። ፋይዳ ላይ አድራሻህን ስለቀየርክ ግን መንጃ ፈቃድህ አብሮ ይቀየራል ብለህ አታስብ፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ መኪናዬስ?
(ይህን ብቻ የጻፉ አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ሊብሬው ላይ ያለው አድራሻም ይታረም፤ ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ሲሄዱ ማድረግ ይቀልላል። ለኢንሹራንሱ ግን በጽሑፍ አሳውቀው በኮፒው ላይ ማኅተም ያስመቱ። በተረፈ ሸጠው ስም ያላዛወሩት መኪና ካለ ከአድራሻው በፊት እሱን ይጨርሱ፤ ገዢው የሚያመጣው ጣጣ ሁሉ የሚፈልገው ሊብሬው ላይ ያለውን ስም ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ቤት ቀየረች። «ድልድይ ተሻገርኩ እንጂ አገር አልቀየርኩም፤ አድራሻ ብቻ ባስተካክል ይበቃል» ትላለች። እውነቷን ነው?
(እናት፣ ከአዲስ ዓለም)

መልስ፦ እማማ፣ አይደለም። እዚያ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው። እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በ30 ቀን ውስጥ አድራሻ ማሳወቅ ይበቃት ነበር። ቨርጂኒያ ስለገባች ግን በ60 ቀን ውስጥ የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ማውጣት አለባት፤ መኪና ካላት ምዝገባው በ30 ቀን ነው። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ቀን አንድ አድርጎ ሲቆጥር ነው፤ የመኪናው ይቀድማል።

የሜሪላንዱን ካርድ፣ ማንነቷንና በአገሩ የመኖር መብቷን የሚያሳይ ሰነድ፣ አዲሱን አድራሻ የሚያሳዩ ሁለት ወረቀቶች (የኪራይ ውል፣ የባንክ መግለጫ፣ የመብራት ቢል የመሳሰሉ) ይዛ ትቅረብ። የሜሪላንድ ኢንሹራንሷን ደግሞ የሜሪላንዱን ሰሌዳ ከመመለሷ በፊት እንዳታቋርጥ ይንገሯት፤ ሰሌዳው በስሟ እያለ ኢንሹራንስ ከተቋረጠ ቅጣት አለ፤ በቆየ ቁጥርም እየጨመረ ይሄዳል። ፖስታ ቤት አድራሻ መቀየሯም ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ አይነገርም።

ዜግነት ካላገኘች፣ ግሪን ካርድ ቢኖራትም እንኳ፣ አንድ ሌላ ግዴታ አለባት፦ ቤት በቀየረች በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤአር-11 ቅጽ ማሳወቅ። በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ማረጋገጫውን አትማ ከፓስፖርቷ ጋር ታስቀምጠው።