የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጽሕፈት መኪናው ድምፅ

ጥያቄ፦ «ኮሎምቦ» የተሰኘውን የቆየ የአሜሪካ የወንጀል ምርመራ ድራማ ሰሞኑን ማየት ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያውን ክፍል የመራው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው መባሉ እውነት ነው? በመክፈቻው ላይ የጽሕፈት መኪና ድምፅ ብቻ የሚሰማውስ ለምንድን ነው? የመርማሪው ካፖርትስ የተዋናዩ የራሱ ነበር?

መልስ፦ ስለ ስፒልበርግ የሰሙት እውነት ነው፤ ሆኖም መጠነኛ እርማት ያስፈልገዋል። ኮሎምቦ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1971 መጀመሪያ ላይ በሁለት ራሳቸውን የቻሉ የቴሌቪዥን ፊልሞች ታይቶ ነበር። «መርደር ባይ ዘ ቡክ» የተባለው እርስዎ ያዩት ክፍል መደበኛው ተከታታይ ድራማ የተከፈተበት ሲሆን፣ በኤንቢሲ ጣቢያ የተላለፈው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1971 ነው። ስፒልበርግ ያን ጊዜ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በኮንትራት የሚሠራ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ካሜራውን የያዘለት ግን በ«ስፓርታከስ» ፊልም የኦስካር ሽልማት ያገኘው አንጋፋው ራስል ሜቲ ነው። ጽሑፉ ደግሞ በኋላ «ሂል ስትሪት ብሉዝ» የተሰኘውን የፖሊስ ድራማ ከፈጠሩት አንዱ የሆነው የስቲቨን ቦችኮ ነው።

ካፖርቱ በእርግጥም የተዋናዩ የፒተር ፎክ የግል ልብሱ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄዎ ስለ ድምፁ ያነሡት ነው። በመክፈቻው ላይ ገዳዩ ኬን ፍራንክሊን መኪናውን እየነዳ ሲመጣ እናያለን፤ የሞተሩ ድምፅም ሆነ የመንገዱ ግርግር ግን አይሰማም። የሚሰማን ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ የሚጽፈው የጂም ፌሪስ የጽሕፈት መኪና ምት ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች ገና ሳይገናኙ አንዱ ሲሠራ ሌላው ሊገድለው እየመጣ መሆኑን ያለ አንዲት ቃል እንረዳለን፤ ሙዚቃ ቢገባበት ኖሮ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይመስለኝም። የሙዚቃው ደራሲ ቢሊ ጎልደንበርግም ያንኑ ምት በድርሰቱ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ እንዳልሆነ የምናውቀው ታሪኩ ወደፊት ሲገፋ ነው። ፍራንክሊን ጓደኛውን ከከተማ ውጭ ወዳለ ቤቱ ወስዶ፣ ቢሮ እያመሸ መሆኑን ለሚስቱ በስልክ እንዲነግራት ካግባባው በኋላ ይተኩስበታል፤ ሚስቲቱም የሰማችው ተኩስ ቢሮው ውስጥ የተተኮሰ ይመስላታል። ገዳዩ የተማመነው በድምፅ ስለሆነ፣ ዳይሬክተሩም ታሪኩን በድምፅ መክፈቱ የሚደነቅ ብስለት ነው።

ጥቂት ተመልካቾች ብቻ የሚያስተውሉት ሌላም ነገር አለ። ታሪኩ አብረው ይጽፉ ስለነበሩ ሁለት ደራስያን ነው፤ በእውነት ግን ብዕር የሚይዘው ፌሪስ ብቻ ሲሆን፣ ግድያውም የተቀሰቀሰው እርሱ ለብቻው መጻፍ በመፈለጉ ነው። መቶ አለቃ ኮሎምቦን የፈጠሩት ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክም እንዲሁ የብዕር ጥንዶች ነበሩ። ይሁን እንጂ የእነርሱ ነገር የፍራንክሊንና የፌሪስ ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ በፊላዴልፊያ በተማሪነታቸው ተዋውቀው ሌቪንሰን በ1987 እስኪሞት ድረስ አብረው ጽፈዋል።