ለስብከት ተልኬ ቀኔ በለቅሶ ቤት ያልቃል

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በደቡብ ከምትገኝ አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በሚስዮናዊነት ተልኬ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የማገለግለው በተከራየነው ቤት ሳሎን ውስጥ የተጀመረችን አነስተኛ ኅብረት ነው። ከቤት የምወጣው ለወንጌል ብዬ ቢሆንም፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን አራተኛ ፎቅ ለሚኖሩ አረጋውያን ጀሪካን ሳወጣ፣ የታመመ ጎረቤት ይዤ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ የዕድር ድንኳን ስተክልና ስነቅል ይመሻል። ከጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ናቸው። በየሦስት ወሩ ለላኪዋ ቤተ ክርስቲያን የምሞላው የሪፖርት ቅጽ ግን የሚጠይቀኝ ስንት ሰው ጌታን እንደ ተቀበለና ስንት እንደ ተጠመቀ ብቻ ነው። ባለፈው ጊዜ በሁለቱም ቦታ ዜሮ ጽፌ ስፈርም እጄ ከበደኝ። ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ መሸጥ መጀመሯን የሰሙ አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ የአገልጋይ ሚስት እንዲህ ማድረግ አይገባትም ብለው በስልክ ገሥጸውኛል። ጥሪዬን ስቼ ይሆን?

ወንጌላዊው፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ውድ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ጥሪዎን አልሳቱም። አገልግሎትዎ የሚለካበት ቅጽ ግን ከሚኖሩት ኑሮ ጋር አልተዋወቀም፤ እጅዎን ያከበደውም ይኸው ይመስለኛል።

ይህ ክርክር ለአገራችን አብያተ ክርስቲያናት አዲስ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1972 እ.ኤ.አ. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ፣ የውጭ ለጋሾች ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል ስርጭት ግን እጃቸውን መሰብሰባቸውን ተቃውማ፣ ሰው ሥጋውና ነፍሱ ተለያይቶ እንደማይገለገል አስረድታለች። በወቅቱ ዋና ጸሐፊዋ የነበሩትና በ1979 እ.ኤ.አ. በደርግ ዘመን የተገደሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚህ አቋም ይታወቃሉ። ያን ጊዜ ሚዛኑ ያጋደለው ወደ ልማቱ ነበር፤ የእርስዎ ቅጽ ደግሞ ለስብከቱ ብቻ መስመር አስምሮ የቀረውን ድካምዎን ቦታ ነሥቶታል።

ከደቡብ እንደ መምጣትዎ የወላይታን ታሪክ ሳይሰሙ አላደጉም። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በ1937 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ ጠበቋቸው። በመካከሉ ስብከት ነበረ፤ ወኅኒ ለወረዱ ወንድሞቻቸው ስንቅ የሚያመላልሱ አማኞችም ነበሩ፣ ዘመድ ላልሆነ ሰው እንዲህ መልፋታቸውም ያየውን ሁሉ አስደንቋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሪፖርትዎ ዜሮው እውነት ከሆነ ዜሮ ብለው ይጻፉ፤ ከቅጹ ጋር ግን አንድ ገጽ ያያይዙ፤ የማንን በሽተኛ እንደ ጠየቁ፣ ማን ለጸሎት እንደ ጠራዎት፣ ለማን ቀብር እንደ ቆሙ ስም ሳይጠቅሱ ይዘርዝሩ። ላኪዎችዎ የማያውቁትን ነገር ሊጸልዩበት አይችሉም።

ስለ ለቅሶ ቤት ግን ከራሴ ጥፋት ልንገርዎ። ቡራዩ ማገልገል በጀመርሁበት ዓመት የአንዲት ጎረቤታችን ባለቤት አርፎ፣ በሠልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ዝም ዝም ሲሆን ብድግ ብዬ ስለ ዘላለም ሕይወት መናገር ጀመርሁ። ማንም አላቋረጠኝም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፤ ወንዶቹ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ስጨርስ አንድ አዛውንት የንፍሮውን ትሪ እጄ ላይ አስቀምጠው «በል ልጄ፣ ይህን አዙርልን» አሉኝ። ከቀኝ ጀምሬ እስከ ድንኳኑ በር ድረስ አዞርሁ፤ እያንዳንዱ ሰው እፍኝ ዘግኖ «እግዜር ይስጥልን» ባለኝ ቁጥር ፊቴ በእፍረት ይነድ ነበር። ባለ ሐዘኗ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ሰላምታዬን በአንገቷ ብቻ ትመልስልኝ ነበር። ያስቀየማት ወንጌሉ አልነበረም፤ ሐዘኗን መድረክ ስላደረግሁባት ነው። እባክዎ በለቅሶ ቤት ካልተጠየቁ አይስበኩ። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ በአክብሮት ይቁሙ፤ በሁዳዴና በፍልሰታ ጎረቤት ሲጋብዙ የጾም ምግብ ያቅርቡ፤ እነዚህ ሰዎች እርስዎ ወደ ሰፈሩ ሳይመጡ በፊት የክርስቶስን ስም ሲጠሩ የኖሩ መሆናቸውን አይዘንጉ። ስለ እምነትዎ የሚጠይቅ ሲገኝ ግን አይሽኮርመሙ፤ ቁጭ ብለው በግልጽ ያጫውቱት። ጀሪካን ሲያወጡ ኖሮ፣ ሲጠየቁ የሚናገሩት ማጣትም አለና።

ለዚያ ደግሞ የጥናትና የጸሎት ጊዜ ሊኖርዎት ይገባል። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ስልክዎን ይዝጉ። ዮቶር ሙሴን ብቻህን አትችለውም እንዳለው ሁሉ፣ ውሃውን የኅብረቷ ወጣቶች ተራ አውጥተው ያመላልሱ፤ እነርሱም አገልግሎትን የሚማሩት እንዲህ ነው።

የሽማግሌውን ተግሣጽ በተመለከተ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፤ ተሳስተዋል። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን ሲሰፋ አብረውት ይሠሩ የነበሩት አቂላና ሚስቱ ጵርስቅላ ናቸው፤ ጵርስቅላም በእጇ በመሥራቷ ማንም አልነቀፋትም። የባለቤትዎ ምጣድ ልጆችዎን የሚመግብ የተከበረ ሥራ ነው። ሆኖም እርሷ የምትጋግረው ወድዳ ነው ወይስ ከላኪዎቹ የሚመጣው ድጋፍ ስለማይበቃ? ይህን ከእርሷ ጋር በእርጋታ ይነጋገሩ። ድጋፉ የማይበቃ ከሆነ የቤት ኪራዩን፣ የጤፉን፣ የትምህርት ቤቱንና የትራንስፖርቱን ወጪ በቁጥር ጽፈው ለሽማግሌዎች ጉባኤ ያቅርቡ። ይህ ልመና አይደለም፤ የላከ የመደገፍ ኃላፊነት አለበት።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ኮንዶሚኒየሙ ከማለቁ የገበሬው ማሳ ይጀምራል፤ በዚያ ያሉት ጎረቤቶችዎ ቤታቸው የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። የሰፈርዎ ስም ራሱ ኦሮምኛ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ደክመው በ1899 እ.ኤ.አ. በኦሮምኛ ያሳተሙት መጽሐፍ ቅዱስ እያለ፣ ኅብረታችሁ በአማርኛ ብቻ መቅረቷ ያሳስበኛል። ወተት የሚያመጣልዎ ገበሬ ካለ ከእርሱ ይጀምሩ፤ ጠዋት በር ላይ ሲመጣ ሰላምታውን በቋንቋው ይመልሱለት፣ በየቀኑም አምስት ቃል ያስተምርዎት።